የገደሉ አራስ ድርሻ

ግንቦት ልደታን አሁን የምናከብረው በኮንዶሚኒየማችን የመኪና ማቆሚያ ላይ ነው። ንፍሮው ደጅ ተቀቅሎ ደጅ መበላት ስላለበት፣ ሌላ ደጅ ደግሞ ስለሌለን፣ በዚያ ቀን ባለመኪኖቹ መኪናቸውን ወደ መንገድ ያወጡልናል። ዘንድሮ ኮሚቴው እሳት አዲሱን ንጣፍ ይሰነጥቃል ብሎ እንጨት ማንደድ ከለከለ። ሴቶቹ ተነጫነጩ፤ በኋላ ግን ከአንደኛ ፎቅ መስኮት የኤሌክትሪክ ገመድ ወርዶ ድስቱ ምድጃ ላይ ተጣደ። «እመቤታችን በቆጣሪ ተከበረች» አለች አንዷ፣ ሁሉም ሳቁ። ስንዴው፣ ሽምብራውና ባቄላው አብረው መንተክተክ ሲጀምሩ ያ የማውቀው ሽታ መጣ፤ እርጥብ አፈር የሚመስል፣ ትንሽ የሚጣፍጥ፣ ጭሱ ብቻ የጎደለው። አጠገቡ በመዋጮ ያረድነው ፍየል ይከተፋል። እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ የእትዬ ዘነበች ድምፅ የወረደው ያን ጊዜ ነው፤ «ሕሊና፣ አጥንቱን እንዳትጥዪው። የእሷ ነው።»

ሰው ሁሉ ቀና ብሎ እሳቸውን ካየ በኋላ ዝቅ ብሎ እኔን አየ። አዲስ የገባች ጎረቤት «የማን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሰው ፊት መናገር ድሮም ይከብደኛል። «የአንዲት አራስ» አልኳትና ወደ ሽንኩርቴ ተመለስኩ። ውሸት አልነበረም። ግን በደንብ ላስረዳት ብል ከመኪና ማቆሚያው ተነስቼ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ነበረብኝ። እሷን ትቼ ብቻዬን ሄድኩ።

ያን ጊዜ የምንኖረው ከአብነት ወረድ ብሎ፣ ስድስት ቤተሰብ አንድ የውኃ ቧንቧ በሚጋራበት ግቢ ውስጥ ነበር። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ባዮሎጂ እማራለሁ። ጠዋት ከግቢ ስወጣ መጀመሪያ የሚቀበለኝ የብረት በያጆቹ ብልጭታ ነው፤ ዓይኔን በመጽሐፌ ከልዬ አልፋለሁ። ከእነሱ ቀጥሎ ሳንቡሳ የምትጠብሰው ልጅ አለች፤ አንዱ በሁለት ብር ነበር። ሁለት ከበላሁ ለታክሲ ስለማይተርፈኝ እስከ ተክለ ሃይማኖት በእግሬ እሄዳለሁ፣ ብዙውን ጊዜም ሁለት እበላለሁ። እኛ ሴት ተማሪዎች በሙሉ አንድ ዓይነት እንለብስ ነበር፤ እግር ላይ ልጥፍ ያለ ጂንስ፣ ከላዩ እስከ ጉልበት የሚደርስ ሹራብ፣ ዝናብ ሲመጣ እንደ ካርቶን የሚርስ ጠፍጣፋ ጫማ። የስልክ ካርድ ስንፍቅ ጥፍራችን ውስጥ ብርማ ትቢያ ይቀራል። ማዕዘኑ ላይ ሲዲ የሚሸጠው ሰውዬ ዓመቱን ሙሉ የሚያስጨፍር ጉራጊኛ ይከፍትና ሁዳዴ ሲገባ በገና ይቀይራል፤ ቀኑን ያላወቀ ሰው በእሱ ድምፅ ማጉያ ያውቅ ነበር። አሁን እዚያ ማዕዘን ላይ ባንክ አለ። በሁዳዴም በፍስክም ድምፁ አይለይም።

ዓመቱ ስንት ነበር ብባል ተቀምጬ መቁጠር ይኖርብኛል። የማስታውሰው ሠፈሩ ግማሹ ቆሞ ግማሹ ፈርሶ እንደነበር ነው። ትልቁ መንገድ ለባቡሩ ተቆፍሮ ሰው በጣውላ ላይ ይሻገራል። ከእኛ ግቢ በታች ገደሉን ይዘው የነበሩት ቤቶች ነዋሪዎቹ ወጥተው፣ ቆርቆሮውና በሩ ተነቅሎ፣ ወለሉና ጥቂት ግድግዳ ብቻ ቀርቶ ነበር። የእነ እንትና ሳሎን እያልን በምናውቀው ሲሚንቶ መሐል ጉሎ በቅሎ ከሰው ቁመት በላይ ሆነ። ለባቡሩ የመጡ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባባቸው ትልልቅ የሲሚንቶ ቱቦዎች ገደሉ አፋፍ ላይ ተከምረው ከረሙ። እኔ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድም ስመለስም እዚያ ጋ እዘገያለሁ። ሰው ሲወጣ ምን እንደሚገባ ማየት ይገርመኝ ነበር፤ መጀመሪያ ጉሎው፣ ቀጥሎ አይጡ፣ ከዚያ ድመቱ፣ ከዚያ ባለቤት የሌላቸው ውሾች። ከውሾቹ በኋላ የመጣውን ግን ማናችንም አልጠበቅነውም።

እትዬ ዘነበች ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ናቸው። በአንድ መሥሪያ ቤት ሲታይፑ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሻሻቸው ሁልጊዜ የነጣ፣ ጥቁር ቦርሳቸውን ገበያም ቤተ ክርስቲያንም የሚይዙ ሴት ነበሩ። አንድ ልጅ አለቻቸው፣ የሺ። የሺ አግብታ ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ሳይሆንላት ቀርቷል። ሦስተኛውን ስታረግዝ እትዬ ልደታ ማርያም ሄደው ተሳሉ። ምን ብለው እንደተሳሉ ግቢው በሙሉ ያውቃል፤ ራሳቸው ናቸው የነገሩን። «ይቺን በሰላም ካገላገልሽልኝ፣ በግንቦት ልደታሽ ነጭ በግ በገዛ እጄ ስቤ አመጣልሻለሁ» ነው ያሉት። የሺ ሁዳዴ ሲጋመስ እናቷ ቤት መጥታ ሴት ልጅ ወለደች። ለሴት ልጅ እልልታው ሦስት ነው ቢባልም እትዬ እንደ ወንድ ሰባት አሉ። «ሰባቴ ያስለቀሰኝን ሰባት ብል ማን ይከለክለኛል?»

በጉ የተገዛው በዚያው ሳምንት ነው፤ ትልቁን ስሕተት የሠራነውም ያኔ ነው። በሁዳዴ በግ ርካሽ መሆኑን የማያውቅ የለም። የሚያርድ ስለሌለ ነጋዴው ይለምናል፤ ፋሲካ ሲቀርብ ዋጋው ሰማይ ይወጣል። ስለዚህ አሁን ገዝቶ እስከ ግንቦት ማቆየት ብልህነት መሰለን፤ ሁላችንም እትዬን አመሰገንናቸው። በጉ ጥርት ያለ ነጭ ነበር፣ ጆሮው ጫፍ ላይ ብቻ ሻይ የነካው የሚመስል ነገር አለው። እሳቸው ቤት አራስ ስላለች እኛ ማዕድ ቤት ታሰረ። ስም ላውጣለት ብል እትዬ ተቆጡኝ። «የሰው ንብረት ላይ ስም ታወጫለሽ? የእመቤታችን ነው።»

ጅቡ የመጣው ከበጉ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ወይም ኋላ ብሎ ነው። እናቴ ልጅ ሳለች ከወንዙ በታች ሲጮኽ እንደምትሰማ ትነግረኝ ነበር፤ ከቄራው ወዲህ አልፎ እስከ አብነት ሲደርስ ግን አላየችም። በዚያ ሁዳዴ አንድ ቀን ማለዳ ከቧንቧው ሥር ጭቃው ላይ ዱካ ተገኘ፤ ከውሻችን የሚሰፋ፣ የፊተኛው ከኋለኛው የሚበልጥ። ውሻችን ከዚያ ቀን ጀምሮ ደጅ አላድርም ብሎ እናቴ አልጋ ሥር ገባ። በር ላይ ሱቅ ያላቸው ጋሽ ነስሩ ዱካውን በባትሪ ጭምር መርምረው ሲያበቁ፣ «ጥፋቱ የእናንተ ነው» አሉ።

«የእኛ?» አሉ እትዬ።

«የናንተ ነዋ። ሁዳዴ ያዛችሁ፣ ሉካንዳው ተዘጋ፣ አጥንት ከገደሉ ጠፋ። እሱን ማን አማከረው? ሳይፈልግ አስጾማችሁት።»

«እና አንተ የማትጾመው ለምን አታበላውም?»

«እኔስ ሽሮ አይደል የምበላው? ስድስት ቤት ሲጾም ብቻዬን ሥጋ ጠብሼ ግቢውን ላውደው?»

እትዬ ሳቁ። ግን ከዚያ ቀን በኋላ ስሙን አልጠሩትም። በጉ ደህና እስኪገባ ድረስ ጅብ የሚል ቃል በግቢው እንዳይነሳ ከለከሉ፤ «ያ እንግዳ» ነበር የሚሉት።

እኔ እንግዳውን ፈርቼው ነበር፤ ግን ከፍርሃቴ ይልቅ ጥያቄዬ ይበልጥ ነበር። ለምን አሁን? ምን እየበላ ነው? እሱ ነው ወደ እኛ የመጣው ወይስ እኛ ነን ድሮ የእሱ በነበረ ገደል ላይ ሳሎን የሠራነው? ማለዳ ወደ ክፍል ስሄድ በፈረሱት ቤቶች በኩል አልፋለሁ። አንድ ቀን ከጉሎው ሥር ኖራ የመሰለ ነጭ ነገር አግኝቼ ቁጢጥ ብዬ ስመለከት እትዬ ከኋላዬ ደረሱ።

«ምን ጠፋብሽ?»

«ምንም። የእሱ ነው… የእንግዳው… እዳሪው ነው። አጥንት እየሰባበረ ስለሚበላ ነው እንዲህ የሚነጣው።»

«ማታ ማታ መብራት የምታበሪው ይህን ልታጠኚ ነው?» አሉ። በዚያው ቀን ግቢው በሙሉ ሰማ። ለሳምንት ያህል ሰው ሁሉ ሲያገኘኝ «ኖራው እንዴት ነው?» ይለኝ ነበር። አፍሬ በሌላ መንገድ መሄድ ጀመርኩ፤ ግን አልቻልኩም፣ ተመለስኩ። ወደ ሁዳዴው መጨረሻ ኖራው መጥቆር ጀመረ። ነጩ ጠፍቶ ጸጉርና የጫማ ፕላስቲክ ቁራጭ ያለበት ሆነ። ጋሽ ነስሩ ለቀልድ ያሉት ነገር እውነት ነበር፤ እንግዳው ከእኛ ጋር ጾሟል፣ ያውም ሳይወድ።

የራበው እንግዳ እየቀረበ መጣ። መጀመሪያ ከገደሉ ማዶ እህል የሚያመላልስ አህያ ኮቴው ብቻ ተገኘ። ቀጥሎ የእኛ ማዕድ ቤት ቆርቆሮ አንዱ ጥግ ከውጭ ተቆልምሞ አደረ። እትዬ ያንን ቆርቆሮ በእጃቸው እየዳሰሱ ለረጅም ጊዜ ቆሙ። «ይቺን ልጅ አቅፌ እየተኛሁ ነው» አሉ ለእናቴ፣ ድምፃቸው ዝግ ብሎ፤ «በእጄ ስቤ አመጣለሁ ብያለሁ። ባዶ እጄን ብሄድ ምን ብዬ ነው ዓይኗን የማየው? የየትኛዋን ዓይን እንደሆነ እንኳ አላውቅም፣ የእመቤቴን ይሁን የልጅቷን።» ሌላ በግ መግዛት እንደማይችሉ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ገንዘብ ቢኖራቸውም የሚገዙ አይመስለኝም። ቃሉ ያረፈው በዚያ በግ ላይ ነው።

ስለዚህ በያጆቹ መጥተው ቆርቆሮውን በብረት አጠሩ፣ ጋሽ ነስሩ ከሱቃቸው ትልቁን ቁልፍ አመጡ፣ ያም አልበቃ ብሎ በጉ ወደ እኔ ክፍል ገባ። ከአልጋዬ እግር አጠገብ ላስቲክ ተነጠፈለት። እኔ ለፈተና ሳነብ እሱ ያመነዥካል። ስለ ሥጋ በል እንስሳት የሚያወራውን ምዕራፍ ጮክ ብዬ ስደግመው ቀና ብሎ ያየኝ ነበር፤ ምዕራፉን ዝቅ ባለ ድምፅ ጨረስኩት። አራስ ሊጠይቁ የመጡ እንግዶች ገንፎ በልተው ሲያበቁ እኛ ቤት ጎራ ብለው እሱንም ይጠይቃሉ። ሁሉም «ደህና ነው?» ይላል፣ እትዬም «ይመስገን፣ ደህና ነው» ይላሉ፣ ሁለተኛ አራስ ያለባቸው ይመስል።

ፋሲካ ደረሰ። ግቢው እንደ ሁልጊዜው ቅርጫ ገብቶ በሬ ተካፈለ። ሻኛው፣ ጎድኑ፣ ጨጓራው በየመደቡ ተደልድሎ ዕጣ ወጣ። የቀረው፣ ቀንዱ፣ መንጋጋው፣ ሸሆናው፣ ፈርሱ፣ እንደ ሁልጊዜው ወደ ገደሉ ተጣለ። የአብነት ግቢ ሁሉ በዚያው ቀን ያንኑ አደረገ። ሲዲ ሻጩ በገናውን አውጥቶ ጉራጊኛውን መለሰ፣ ሉካንዳዎቹ ቀይ መጋረጃቸውን ገለጡ፣ ገደሉም ሰርግ ቤት ሆነ። ከፈረሱት ቤቶች ሥር ኖራው እንደገና ነጣ። እኔ ብቻ አይደለሁም ያየሁት። ጋሽ ነስሩ «ፍስክ ገባለት» አሉ። ቁልፉን መቆለፍ እየዘነጋን መጣን፤ ውሻችንም ከአልጋ ሥር ወጣ።

የግንቦት ልደታ ዕለት ማለዳ እትዬ መስኮቴን ቆረቆሩ። ሰማዩ መገርጣት ጀምሯል። ኪዳን ሳይወጣ መድረስ ፈልገዋል፤ መኪና ሲበዛ በጉ ይደነግጣል ብለውም ሠግተዋል። የሺ ገና አራስ ስለሆነች አትወጣም፤ እናቴ ስንዴ ልትለቅም ቀረች፤ ስለዚህ እኔ አብሬ ሄድኩ። እትዬ የበጉን ገመድ የእጃቸው አንጓ ላይ ጠምጥመው ደጋግመው ቋጥረውታል።

«እትዬ፣ እባክዎን ይፍቱት። ቢጎትትዎስ?»

«ይጎትተኛ። ባዶ እጄን አልገባም ብያለሁ።»

ትልቁ መንገድ ስለተቆፈረ በገደሉ አፋፍ ወረድን። ነጠላቸው ጤዛውን እየጠረገ ይሄዳል። ከቱቦዎቹ ክምር ጋ ስንደርስ በጉ ቆመ። አልጮኸም፤ ሰውነቱን በሙሉ እግሬ ላይ ደገፈ፣ ሲንቀጠቀጥ በቀሚሴ በኩል ይሰማኛል። ቀና ስል ያቺ እንግዳ በሩ በተነቀለው ቤት መግቢያ ላይ ቆማለች፤ ሰው ደጁ ላይ ቆሞ መንገደኛ እንደሚያይ፣ ልክ እንደዚያ። ከጠበቅኩት በላይ ትልቅ ነበረች። ትከሻዋ ከፍ፣ ወገቧ ዝቅ ያለ፣ ጆሮዋ ክብ። ያነበብኩት ሁሉ ከጭንቅላቴ ጠፍቶ ጆሮዋ እንዴት እንደሚያምር ብቻ አሰብኩ። ከሆዷ ሥር ጡቶቿ አግተው ይታያሉ። ከኋላዋ፣ ከአንዱ ቱቦ አፍ፣ እንደ ከሰል የጠቆረ ትንሽ ጭንቅላት ብቅ ብሎ ተመለሰ። ከዚያ ሌላ።

እትዬ ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ ሰማሁ። «አራስ ናት» አሉ።

ክንዳቸውን ያዝኩ። እሳቸው ግን የገመዱን እጅ ወደ ደረታቸው አስጠግተው፣ በአጥር ላይ ለጎረቤት እንደሚናገር ሰው፣ ከፍም ዝቅም ሳይሉ ተናገሩ።

«ስሚኝ እህቴ። ይህ የእኔም አይደለም፣ ያንቺም አይደለም። የእመቤታችን ነው፤ እሱን ላድርስበት። እኔም ቤት አራስ አለች፣ ነገሩን አውቃለሁ። ዛሬ ማታ ደጅ እናርዳለን፤ ድርሻሽን እልክልሻለሁ። አራስ አልፌ በልቼ አላውቅም።»

አፍንጫዋን ወደ ላይ አንስታ አየሩን ሳበች። አንድ ጊዜ በጉን፣ ረዘም ላለ ጊዜ እኛን አየች። ከዚያ ፊቷን አዙራ ያለ ምንም ችኮላ ወደ ቱቦዎቹ ሄደች። እኛም ሄድን። እትዬ ወደ ኋላ እንዳላይ በዓይናቸው ከለከሉኝ፤ አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ግን ራሳቸው ዞር ብለው አዩ።

በጉን ደጀ ሰላሙ ላይ ሲያስረክቡ የገመዱን ቋጠሮ መፍታት አቃታቸው፤ አንድ ዲያቆን በጥርሱ ፈታላቸው። አንጓቸው ዙሪያውን ቀልቶ ነበር። ግድግዳውን ተሳልመው ግንባራቸውን እዚያው አስደግፈው ቆዩ። ስንመለስ በረጅሙ መንገድ ሄድን። ዝም ማለት ይሻለኝ ነበር፣ ግን የምማረው ነገር አስጨነቀኝ።

«እትዬ… ጠግባ ነው። የፋሲካው አጥንት ገና ገደሉ ውስጥ አለ። ሳምንት ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ…»

«ይሆናል።»

«ስለሰማችዎት አይመስለኝም።»

«እሷ ባትሰማ እኔ ተናግሬያለሁ» አሉ፣ ቦርሳቸውን ወደ ሌላው እጃቸው እያዛወሩ። «ለእመቤቴ የገባሁትን ከፍዬ፣ ለአራስ የገባሁትን ልብላው?»

የዚያን ዕለት ወደ ማታ ግቢው ደጅ ላይ ንፍሮው ተቀቀለ። ጋሽ ነስሩ እንደ ልማዳቸው የሽምብራውን ድርሻ አዋጥተው አጠገባችን ተቀመጡ። በመዋጮ የተገዛው ፍየል ታርዶ ሥጋው ከወጣለት በኋላ እትዬ ከየሰው ፊት አጥንቱን ሰበሰቡ። ፌስታል ውስጥ ይከቱታል ብዬ ስጠብቅ ከቤታቸው ቆርቆሮ ሳህን ከነክዳኑ አመጡ። ለአራስ የሚላከው እንዲህ ተሸፍኖ ነው። «ገንፎም ጨምሩላት እንጂ» አሉ ጋሽ ነስሩ። ሁላችንም ሳቅን፣ እሳቸውም ሳቁ፣ ግን ሳህኑን ይዘው ሄዱ። እኔ፣ ሁለት በያጆችና ውሻችን እስከ አፋፉ ሸኘናቸው፤ ውሻችን ከመሐል መንገድ ተመለሰ። ባዶውን ሳህን አጥበው ከሌላው ዕቃ ለይተው አስቀመጡት።

ከዚያ በኋላ የእኛም ግቢ ፈረሰ። ግማሻችን ሩቅ ሄድን፣ እትዬና እኛ ዕጣ ቀንቶን እዚሁ ልደታ ቀረን። ጋሽ ነስሩ ሱቃቸውን ወደ ልጃቸው ዘንድ አዛወሩ፤ ለበዓል ግን እስከ አሁን ሽምብራ ይልካሉ። እትዬ በየግንቦት ልደታው በዚያች ሳህን አጥንት ይዘው ሳይወርዱ የቀሩበት ዓመት የለም። አንድ ጊዜ ዝናብ እየዘነበ ጃንጥላ ለሳህኑ ይዘው ሲሄዱ አይቻለሁ። ጉልበታቸው ሲደክምና ደረጃው ሲያሸንፋቸው ሳህኑ ለእኔ መጣ።

ዘንድሮም ንፍሮው ተበልቶ ሲያበቃ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ሳህኑን ይዤ ወደ ወንዙ ወረድኩ። ከባለፈው ግንቦት ወዲህ አልሄድኩም ነበር። ገደሉ የለም። በድንጋይ ተገንብቷል፤ ከላዩ ጥቁር ንጣፍ፣ አበባ፣ አግዳሚ ወንበር፣ ረድፍ የያዙ መብራቶች። ሰዎች ፎቶ ይነሳሉ። በጣም ያምራል። ሳህኑን የት ነው የማደርገው? ዝቅ ብዬ ከግንቡ ሥር ስፈልግ አንድ ጥበቃ መጣ።

«እህት፣ ቆሻሻ መጣል ክልክል ነው።»

«ቆሻሻ አይደለም። አጥንት ነው።»

«ለውሻ ከሆነም ክልክል ነው።»

«ለውሻ አይደለም።» ቀጥሎ ያለውን በጣም በዝግታ ስላልኩት አልሰማኝም። «ለማን?» ብሎ ጠየቀኝ። «ለጅብ» አልኩት፣ ከፈለግኩት በላይ ጮክ ብዬ። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ጥንዶች ዞር አሉ።

ጥበቃው ጠጋ አለኝ። «ማን ነገረሽ?»

«ምኑን?»

«እንዳሉ። እኛ ሰው እንዳይፈራ አታውሩ ተብለናል።» ሳህኑን አየ። «ደግሞ በክዳን?»

«እንዲህ ነው የሚላከው።»

ምን እንዳሰበ አላውቅም። አገጩን ወደ መብራቶቹ መጨረሻ አነሳ። «ከመጨረሻው ፖል ወዲያ የጎርፍ ቱቦ አለ። እዚያ አፉ ላይ አድርጊ፤ ሳህንሽን ይዘሽ ተመለሺ። እኔ አላየሁሽም።»

አደረግኩ። ለጥቂት ጊዜ ቆሜ ጠበቅኩ፣ ምንም አልመጣም። እንደሚመጣም አላውቅም ነበር፤ ያችኛዋ እስከ አሁን ትኑር አትኑርም አላውቅም። ጥሩ ዕድል ካላቸው ረጅም ጊዜ እንደሚኖሩ አንብቤያለሁ። በእነሱ ዘንድ ደግሞ የምትመራው ሴቷ ነች፣ የእናቷንም ቦታ የምትወርሰው ሴት ልጅ ነች።

በማግስቱ ከሥራ በፊት ተመልሼ ሄድኩ። የቱቦው አፍ ባዶ ነው፤ ግን ውሻም ሊወስደው ይችላል። ልመለስ ስል የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን ተደግፋ ንጣፉ ላይ የሆነ ነገር እያየች «ኖራ ማን ነው እዚህ የደፋው?» ስትል ሰማሁ። ከጥቁሩ ድንጋይ መሐል፣ ከመብራት ፖሉ እግር ሥር፣ ነጭ ብሎ ተቀምጧል። ቁጢጥ ብዬ አየሁት። ሴትዮዋ ምን ሆና ነው ብላ እያየችኝ እንደሆነ ታውቆኛል፣ ግን ቶሎ መነሳት አልቻልኩም።

አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። እትዬ በረንዳቸው ላይ ብርድ ልብስ ደርበው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ለበዓሉ የመጣችው የየሺ ልጅ ልደት ስልኳን ትነካካለች፤ ቁመቷ እኔን አልፏል።

«ተቀበለችሽ?» አሉ እትዬ።

«አጥንቱ የለም። ግን እሱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ ውሾች…»

«አውቄሻለሁ። ሌላ ምን አየሽ?»

ልደት ስለነበረች ጎንበስ ብዬ በጆሯቸው ነገርኳቸው። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ ነጠላቸው ከራሳቸው ላይ ወረደ፣ እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ደረሰኝ ሰጠችሽ በይኛ» አሉ፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

ልደት ምኑን ነው ብላ ጠየቀች። እትዬ እጃቸውን ዘርግተው ከእኔ ሳህኑን ተቀበሉ፣ ክዳኑን ገጠሙት፣ ለልጅቷ ሰጧት።

«ለብቻው ነው የሚቀመጠው» አሏት። «ለሚመጣው ዓመት ከሕሊና ጋር ትወርጃለሽ፤ የአራሷን ቤት ታሳይሽ።»